ከተወለደ ጀምሮ

ሐጂ ኑርሁሴን የንጋቱ ሱብሂ ሰላት አምልጧቸው አያውቅም። ያን ጁምዓ ጠዋት ግን አዛን ተብሎ አበቃ፤ ከክፍላቸው ኮሽታ አልተሰማም። ሚስታቸው ኢሕሳን ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ በጎናቸው እንደተኙ ቀዝቅዘው አገኘቻቸው።

የመርሳ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። በጦርነቱ ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙበት ወቅት አንድ ወንድ ልጃቸው አማን ተይዞ ተገድሏል። ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላም ሽማግሌው እህል በቅጡ ሳይቀምሱ ከረሙ። «ሐዘኑ ነው የወሰዳቸው» ተባለ። ሴት ልጃቸው ናጅዋም ይህንኑ አምና፣ ትንሹን ልጇን ጀብሪልን ታቅፋ ታለቅስ ነበር፤ የአባቷ አብሮ አደግ ኡበይደላ ፖሊስ አስከትለው ግቢው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ።

ፖሊሷ ኢንስፔክተር ዮርዳኖስ ትባላለች። ከወልድያ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያወራት ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት።

«ገላቸው እንዳይታጠብ» አለች ገና ከመግባቷ።

የናጅዋ ባል ኢዘዲን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ጀናዛ አይቆይም! ምን ተገኘና ነው?»

«የተገኘውንማ እኔ ልንገርህ» አሉ ኡበይደላ። «ትናንት ከሐራ ሲመለስ አገኘሁት። ‹የአማንን ደም የሸጠውን አወቅሁት፤ ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በሰው ፊት እናገራለሁ› አለኝ። ስሙን ግን ዋጠው። ይኸው ጁምዓ ሳትሰገድ እሱ ሞተ። ወላሂ፣ እኔ ይህን አፈር አላለብሰውም።»

ሬሳው በማግሥቱ ተመልሶ እንዲቀበር ለምርመራ ወደ ደሴ ተላከ። ዮርዳኖስ ሰዎቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመረች።

«ትናንት ማታ ምን ቀመሱ?»

«አብሽ ብቻ» አለች ናጅዋ። «ምግብ እምቢ ስላሉ እኔ መታሁላቸው። ኢሕሳን በማር አጣፈጠችው። ማሩን ያመጡት አባባ ኡበይደላ ናቸው።»

«ከዚያስ?»

«መስኮቱ ላይ አስቀምጠነው ሁላችንም ለሰላት ተነሣን።»

«ብርጭቆው የት አለ?»

ኢሕሳን ከጓዳው በር ላይ መለሰች። ከባሏ በዕድሜ በጣም የምታንስ፣ ሰፈሩ ገና ያላመናት ሴት ናት። «ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። ያጠብኩት እኔ ነኝ ያለኝ ኢዘዲን ነው።»

«ባልሽ ዕቃ ያጥባል?» ዮርዳኖስ ወደ ናጅዋ ዞረች።

ናጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበችው። በትዳራቸው አንድ ሲኒ እንኳ ሲያለቀልቅ አላየችውም።

ኢሕሳን እጇን እያፍተለተለች ቀጠለች። «ሌላም ነገር አለ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ… እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። የምወስደው ክኒን ከሣጥኔ ጎድሏል። ዛሬ ነው ያየሁት።»

በግቢው የነበረው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኢዘዲን «እንግዲህ ሌላ ምን ቀረ?» አለና ኢሕሳንን በንቀት ገላመጣት።

የዮርዳኖስ ዓይን ናጅዋ ጭን ላይ በተኛው ልጅ ላይ ነበር። ጀብሪል ነቅቶ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ አልጸናም፣ ተንገዳግዶ በቂጡ ተቀመጠ። ቀና ብሎ እናቱን ሲያይ ብሌኖቹ አልቆሙለትም፤ ወደ ጎን ሸተት ይሉና በድንገት ይመለሳሉ፣ እንደገና ሸተት ይላሉ።

«ዓይኑ እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?»

ናጅዋ አፏን ስትከፍት ኢዘዲን ቀደማት። «ከተወለደ ጀምሮ ነው። የእኔም አጎት እንዲሁ ነበር።»

«እኔ ግን ጠዋት ነው ያየሁት» አለች ኢሕሳን። «ሐኪም ቤት እንውሰደው ብዬ ነበር። እሱ ነው የከለከለው።»

«በሐዘን ቀን ልጅ ተሸክሞ መንከራተት ምንድን ነው? ናጅዋ፣ አንቺ አላስተዋልሽውም እንጂ ድሮም ነበረበት።»

ናጅዋ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበችው። የልጇን ዓይን ታውቀዋለች፤ ጡት ስታጠባው ሽቅብ ትክ ብሎ ሲያያት ነው ያደገው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባሏን «ዋሸህ» ማለት ከበዳት። «ምናልባት እኔ እሆናለሁ ያላየሁት» አለች በልቧ። እንዲህ ያለችበትን ያቺን ደቂቃ ኋላ ብዙ ረገመቻት።

ዮርዳኖስ ጎንበስ ብላ የልጁን ሸሚዝ ኮሌታ በጣቷ ፈተገች። የደረቀ ነገር ተፈረፈረ፤ አሸተተችው። አብሽ ነበር።

«እናቱ፣ ተነሺ። በእኛ መኪና ወልድያ እንሄዳለን።»

ወልድያ የተቀበላቸው ዶክተር ካሳዬ የላቦራቶሪው ዕቃ በጦርነቱ እንደጠፋ ነገራቸው። የቀረው የራሱ ዓይንና እጅ ነበር። ባትሪ አብርቶ አየ፤ ልጁን አስቆመው፣ ልጁ ወደቀ።

«አባቱ ከተወለደ ጀምሮ ነው ይላል» አለች ዮርዳኖስ።

«እንዲህ ያለ ዓይን ይዘው የሚያድጉ ልጆች አሉ» አለ ሐኪሙ። «በጨቅላነታቸው ነው የሚጀምራቸው። ለምደውት ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ። እነሱም መታየት አለባቸው፤ ግን ነገሩ ፋታ ይሰጣል። ደህና የነበረ ልጅ ዓይኑ በድንገት ሲዋልል፣ መንገዳገድ፣ መደንዘዝ ወይም ማስመለስ ሲጨመርበት ግን ለነገ አይባልም። ወይ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ወይ የማይሆን ነገር ውጧል።»

«የሚጥል በሽታ ክኒን ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። ከሆነ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሲወጣ ዓይኑ ይቆማል። ከተወለደ ጀምሮ ከሆነ ግን አይቆምም።» ወደ ናጅዋ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽሪ። በጊዜ አምጥተሽዋል። እቤት ተኝቶ ቢሆን ትንፋሹ ሊቆም ይችል ነበር።»

ናጅዋ ከልጇ አልጋ አጠገብ ሳትነሣ ሰነበተች። ዮርዳኖስ በዚያው ወደ ሐራ ወረደች። ሐጂ ሊጠይቁት የሄዱትን ሰው አፈላልጋ አገኘችው፤ ወንድሙ የሚባል መካኒክ ነው፣ ከአማን ጋር ታስሮ በሕይወት የተረፈ።

አንድ ጠዋት ጀብሪል ነቃና እናቱን አያት። ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ፤ አልሸሸም። ናጅዋ ጮኸች። ነርሷ ሮጣ ስትመጣ ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት አልቻለችም።

ዮርዳኖስ ከመርሳው ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ሁሉንም ሰበሰበች። ኡበይደላ፣ ኢሕሳን፣ ኢዘዲን፣ ልጇን የታቀፈች ናጅዋ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«የደሴው ውጤት ገና ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ይህ ልጅ ከአያቱ ብርጭቆ ጠጥቷል፤ ኮሌታው ይመሰክራል። ዓይኑ ዋለለ፣ ተንገዳገደ፣ ደነዘዘ፤ ከዚያ ለቀቀው። ስለዚህ ሐጂን የገደላቸው ሐዘን አይደለም። ክኒን ተፈጭቶ በአብሹ ገብቷል። አብሽ መራራ ነው፤ መራራውን መራራ ሸፈነው።»

«ክኒኑ የእሷ ነው!» አለ ኢዘዲን።

«የእሷ ነው። መጥፋቱንም የነገረችን እሷ ናት፤ ገዳይ የራሱን መሣሪያ ጠቁሞ አይሰጥም። ልጁ ሐኪም ይየው ያለችም እሷ ናት። አባባ ኡበይደላ ዝም ቢሉ ኖሮ ሐጂ ያን ቀን ተቀብረው ነገሩ አብሮ ይቀበር ነበር፤ እኔን የጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ናጅዋ ልጇን ይዛ ወልድያ ወጣች። ልጁ ሐኪም ፊት እንዳይቀርብ የፈለገ፣ በዕድሜው ነክቶት የማያውቀውን ዕቃ ያጠበ፣ ‹ከተወለደ ጀምሮ ነው› ብሎ የዋሸ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኢዘዲን ሊስቅ ሞከረ። «አማቴን ለምን እገድላለሁ?»

«ናጅዋ፣ ወንድምሽ የት ነው የተያዘው?»

«ሲሪንቃ መንገድ ላይ… ሲያመልጥ» አለች ናጅዋ። «ኢዘዲን ነው የነገረን። ምግብ ሊያደርስለት ሲሄድ ከመደበቂያው ጠፍቶ አገኘሁት ብሎ።»

«መደበቂያው ማንጎው እርሻ ውስጥ ያለው የውሃ ሞተር ቤት ነው። የሚያውቁት አባትሽና ባልሽ ብቻ ነበሩ። አማን በእስር ቤት ወንድሙ ለሚባለው ለሐራው መካኒክ እንደነገረው ግን ከዚያው ከሞተሩ ቤት ተኝቶ ነው የተያዘው። ታጣቂዎቹ ሌላ ቦታ ሳይፈትሹ ቀጥታ መጡ። ሐሙስ ዕለት ሐጂ ይህን ሰሙ። በባጃጅ ያደረሳቸው ኢዘዲን ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ እሱም ሰማ።»

ኢዘዲን ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምግቡን ይዤ አገኙኝ» አለ። «ጠመንጃ ደገኑብኝ። ‹ለማን ነው?› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ያን ቀን ፈርተህ ነበር» አለች ዮርዳኖስ። «ፍርሃትን ሐጂም ይቅር ይሉት ይሆናል። ሐሙስ ዕለት ግን ማንም አልደገነብህም።»

ኡበይደላ «ሱብሃነላህ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው ሲጠጉ ናጅዋ ልጇን ለኢሕሳን ሰጥታ ባሏ ፊት ቆመች። ስለ ወንድሟ አልጠየቀችውም፣ ስለ አባቷም አልጠየቀችውም።

«ጀብሪል ሲጠጣ አይተሃል?»

ኢዘዲን መሬት መሬት አየ።

«ቀና በል! አይተሃል?»

«ስገባ… አባትሽ እያቀመሱት ነበር» አለ። «አንድ ሁለት ጉንጭ ነው፣ ያልፍለታል ብዬ ነው።»

ናጅዋ አልመታችውም፣ አልጮኸችም። ልክ እንደማታውቀው መንገደኛ ዞር ብላ አሳለፈችው። መኪናው ተነሥቶ ድምፁ ከዋናው መንገድ ላይ ሲጠፋ ሰው ለማጽናናት ተጠጋት።

ጀብሪል በኢሕሳን እቅፍ ሆኖ ውሃ ጠየቀ። ኢሕሳን ቀድታ ዘረጋችለት። ናጅዋ ኩባያውን ከእጇ ተቀበለችና ሴትየዋን ቀና ብላ አየቻት። ያቺ ሴት ልጇን ያዳነች ናት፤ ናጅዋ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም መጀመሪያ እሷ ጠጣች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ለልጇ ሰጠችው።

ኢሕሳን አልተቀየመችም።