በዓሣው ገንዳ ጀርባ የቆመው መስተዋት

እሑድ ማለዳ ሚስቱና አማቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ ሲወጡ፣ አቶ አሥራደ በሳሎኑ ትልቅ ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ በዓሣው ገንዳ ፊት መቀመጥ ልማዱ ነበር። ገንዳው የግድግዳውን እኩሌታ ይዟል፤ በጀርባው በኩልም ከሚስቱ ከአስናቀች የሠርግ ቁም ሣጥን ያስነቀለውን ረጅም መስተዋት ለጥፎበታል። በዚህ ብልሃት ጥቂቱ ዓሣ ብዙ፣ ጠባቡ ውሃ ጥልቅ፣ ተራው ሳሎንም የመኳንንት አዳራሽ መስሎ ይታያል። እንግዳ ሁሉ ያደንቃል፤ እርሱም የሚያደንቀውን እንግዳ ሁሉ ይንቃል።

ከዓሦቹ መካከል ይበልጥ የሚያስቀው ቀዩ ነበር። ሻጩ «ይህ ተዋጊ ነው፤ ከመሰሉ ጋር አያድርም» ብሎ ነበር የሰጠው። ዓሣው በመስተዋቱ ውስጥ የራሱን መልክ ባየ ቁጥር ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይንደረደራል፤ ይጋጫል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጋጫል። ከዚህ የተነሣ ከንፈሩ ተተልትሏል። «የገዛ ጥላውን ጠላት ብሎ የሚወጋ ፍጥረት ከአማቴ በምን ይሻላል?» ይላል አቶ አሥራደ በልቡ።

አማቱ እማሆይ ጥሩወርቅ ከመነኰሱ ወዲህ በቤቱ የኋላ ክፍል ይኖሩ ነበር። የቆባቸውን ሽታ፣ የመቁጠሪያቸውን ኳኳታ፣ የጾም ሽሯቸውን ጭምር ይጠየፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰለቸው ግን በየጊዜው የሚደጋግሙት አንድ ጥያቄ ነበር።

«ልጄ፣ የክርስትና ስምህን እስቲ ንገረኝ። በጸሎት ላስብህ።»

«እርስዎ ያውቁት የለም እንዴ? በሠርጋችን ቀን በቅዳሴው ተጠርቷል።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ካንተ አፍ መስማት ነው የፈለግሁት።»

«መታወቂያዬ ላይ የለም፣ እማሆይ። ረሳሁት!» ይልና ይስቃል።

እማሆይ አይስቁም። በር አንኳኩተው የቤቱን ባለቤት እንደሚጠብቁ ሁሉ ደረቱን እያዩ ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ።

በእርግጥም ስሙን አያስታውሰውም ነበር። ከሠርጉ በኋላ በአንድ ቀትር ልብሱን ሊያጥብ ወደ ወንዝ ከመውረዱ በፊት የነበረው ሰው፣ ያ በሰው ፊት የሚሽኮረመም፣ ለሚስቱ እግር የሚያጥብ፣ ውዳሴ ማርያም ሳይደግም እህል የማይቀምስ ዲያቆን፣ አሁን ሲያስበው የሌላ ሰው ወሬ ይመስለዋል። «ያ ምስኪን» ብሎ ነው የሚጠራው። ከወንዙ ዳር ቀና ካለባት ከዚያች ቀትር ወዲህ ግን ራሱን ያውቃል፤ ማንንም አይፈራም፤ ማንንም አያከብርም። አስናቀች በመጀመሪያው ሰሞን «ምን ነካህ?» እያለች አለቀሰች፤ ኋላም ዝም አለች። ቤቱ የእርሱ ሆነ። ከዓለም ሁሉ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ በዚያ ቤት ከእርሱ በቀር ሌላ ጌታ አለመኖሩ።

በግንቦት የከተማው ውሃ ጠፋ። ገንዳው ጎደለ፤ መሽተትም ጀመረ። አቶ አሥራደ ቤቱን ቢፈትሽ ከእማሆይ አልጋ ሥር ከገዳም የመጣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ አገኘ። አንጠልጥሎት ሲወጣ አስናቀች ከበሩ ላይ ተገተረች።

«ኧረ ባክህ፣ ጠበል እኮ ነው!»

«ውሃ ውሃ ነው። ዓሦቹስ ክርስቲያን ቢሆኑ ምን ከፋሽ?»

«ተው፣ የናቁት ያደርጋል ራቁት!»

«አንቺን ንቄሽ እስከ ዛሬ ምን ሆንሁ?» አለና ገፍቷት አለፈ፤ እየሳቀም እስከ ጠብታው ድረስ ገለበጠው። እማሆይ ይህን በሰሙ ጊዜ ይቈጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እርሳቸው ግን ባዶውን ጀሪካን ተቀብለው ከሳሙት በኋላ «በእጅህ አፈሰስከው?» አሉት።

«በእጄ።»

«እሰይ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩ ዓሣ መዋጋቱን ተወ። ዓሦቹ ሁሉ ወደ መስተዋቱ ተጠግተው ጅራታቸውን እንኳ ሳያወዛውዙ እርሱን፣ አቶ አሥራደን፣ ትክ ብለው ያዩት ጀመር። ከገንዳው የሚወጣውም ሽታ የዓሣ ሽታ አልነበረም፤ ፀሐይ የመታው የወንዝ ጭቃና የረጠበ አመድ ሽታ ነበር። ሽታውን ያውቀዋል፤ የት እንዳሸተተው ግን ሊያስታውስ አልፈለገም።

ከዚያም ድምፁ መጣ። አየር የሚነፋው መሣሪያ ከውሃው ሥር ሲንፎለፎል ቀስ በቀስ የሰው ማንሾካሾክ እየመሰለ ሄደ፤ ከንፈሩን ሳይከፍት ጸሎት የሚደግም ሰው ድምፅ። አቶ አሥራደን ያስደነገጠው ግን የድምፁ መሰማት አልነበረም። ያን ማንሾካሾክ ዘመኑን ሁሉ በገዛ ጆሮው ውስጥ ሲሰማ ኖሯል፤ የደም ዝውውር ነው እያለ ንቆ ትቶት ነበር። አሁን ከውሃው ውስጥ ይሰማል፤ በጆሮው ውስጥ ግን ጭር ብሏል።

በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መልኩም ይዘገይ ጀመር። እርሱ እጁን አንሥቶ ካወረደ በኋላ ያኛው ገና ያነሣል። ከስቷል፤ ጸጉሩ ርጥብ ነው፤ እርሱ ጫማ ተጫምቶ ሳለ ያኛው ባዶ እግሩን ነው። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል አቶ አሥራደ እንደ ልማዱ አፉን አጣመመ፤ በመስተዋቱ ያለው ግን አማተበ።

«ይህ ሌባ ምን ሊሰርቀኝ ነው የመጣው?» አለ አቶ አሥራደ። መልሱን ያገኘው በማግሥቱ ነው። አስናቀች መጥረጊያዋን እንደያዘች በገንዳው ፊት ቆማ አያት። ፊቷ በርቶ ነበር፤ እርሱ አይቶት በማያውቀው ፈገግታ።

«ምን ታያለሽ?»

«አንተን ነዋ» አለች ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «እንዲህ ስቀህ ካየሁህ ስንት ዘመኔ!»

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ! አልሳቅሁም!»

ዘወር ብላ አየችው። ፈገግታዋ እፍ እንዳሉት ሻማ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት አቶ አሥራደ ቤቱ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ዐወቀ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈራ።

ሐምሌ በገባ በአንድ ቀትር ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አቶ አሥራደ ከማድ ቤት የብረት ዘነዘና አንሥቶ ወደ ሳሎኑ ገባ። አስናቀች «ተው!» እያለች ተከተለችው። በጨለማው ውስጥ የሚታየው ገንዳው ብቻ ነበር፤ ከየት እንደሆነ በማይታወቅ ብርሃን ውሃው ፈክቷል። ያ ርጥብ ሰው ከመስተዋቱ ውስጥ ወደ ፊት ተጠግቶ ይጠብቀው ነበር። ዘነዘና አልያዘም። ሁለት እጆቹን ከበር ውጭ እንደ ቆመ ሰው ዘርግቶ ነበር።

አቶ አሥራደ ዘነዘናውን አነሣ።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉ እማሆይ ከኋላው። ቃላቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ዓይናቸውም በእርሱ ላይ ሳይሆን በውሃው ላይ ነበር።

«አንቺ አሮጊት፣ የኔ ስም...» ብሎ አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣ ነገር አልነበረም። ፈለገ፤ ደረቱን፣ ጉሮሮውን፣ ምላሱን ሁሉ እንደ ሰው ጓዳ በረበረ፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ የራሱ የሆነ አንድ ስም አጣ።

«ወልደ ሰንበት» አለ ከመስተዋቱ ውስጥ ያለው።

«ግባ፣ ልጄ» አሉ እማሆይ።

ዘነዘናው ወደቀ። የወደቀበትን ድምፅ ከሩቅ፣ እንደ ታፈነ ነገር ሰማው። ብርድ ከየአቅጣጫው ገጠመው፤ የዝናቡም ጩኸት ጠፋ። ከወዲያ ማዶ፣ ግዙፍና የተጣመመ በሚመስል ክፍል ውስጥ፣ አስናቀች የገዛ ባሏን አንገት አቅፋ ስታለቅስ፣ ያ ምስኪንም እየተንቀጠቀጠ ሲያማትብ አየ። ሊጮህባቸው አፉን ከፈተ፤ ከተተለተለው ከንፈሩ አንዲት አረፋ ወጥታ ወደ ላይ ሄደች። በቁጣ ዘወር ቢል፣ ከመስተዋቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ቀይ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ በንቀት ይመለከተው ነበርና፣ ሊወጋው ተንደረደረ።