የአርባ አምስተኛው ቀን ፊርማ

የዚያ ዓመት በረዶ በጥቅምት ጀመረ። በጥምቀት ሳምንት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የሚገኘው የመልከጼዴቅ አፓርታማ ማሞቂያ ተሰበረ። አሥራ ስድስት ቀን ሳይጠገን ቆየ። ተከራዮች የኦቭን በር ከፍተው ሞቁ፤ ልጆች ጃኬት ለብሰው ተኙ። ቧንቧ ፈነዳ፤ ውሃው ኮሪደር ላይ በረዶ ሆነ። መልከጼዴቅ ሕንፃውን ሊሸጠው ስላሰበ ለማሞቂያው አዲስ ቦይለር አልገዛም። ሦስት ቁጥር የሚኖረው ብዙነህ የሚባል ታክሲ ነጂ የሳንባ ምች ያዘው፤ በየካቲት ሞተ። ሚስቱ ዘርፈሽዋል በቀበረችው በአራተኛው ቀን ሌክውድ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ተመለሰች። ሕንፃው በሕማማት ማክሰኞ ተሸጠ።

ከሽያጩ በአርባ ስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መልከጼዴቅ ከቤቱ ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ሣር ሊያጭድ የመጣው ልጁ ናታን ነው። ፖሊስ መጥቶ አየና ሽማግሌ ሰው ወድቆ ነው ብሎ ሬሳውን ወሰደ።

እሑድ ዘርፈሽዋል ከቅዳሴ በቀጥታ ዳውንታውን ሄደች። ሀይለማርያም በሚሠራበት መኪና ማቆሚያ በር ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ሻምበል ይለዋል። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የነፍስ ግድያ መርማሪ ነበር፤ ዴንቨር ከመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ትኬት ይቀበላል። በሁለቱም ሥራ የሰው ፊት ማየት ትቷል። እጅ ነው የሚያየው።

ዘርፈሽዋል ቆማ ነገረችው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሷና ባሏ ግሌንዴል ውስጥ ለመልከጼዴቅ የመጀመሪያ ቤት ግማሹን ገንዘብ ሰጡ፤ ውል ተጻፈ። ቤቱ ተሸጠ፤ ድርሻቸውን ግን አላዩም። የአገሩ ሕግ እንዲህ ነው፦ የሚከራይ ቤት የሸጠ ሰው ገንዘቡን በእጁ ሳያስገባ ሌላ የሚከራይ ቤት ከገዛበት የትርፉ ግብር ለጊዜው ይቆይለታል፤ ኤክስቼንጅ ይሉታል። ገንዘቡን መሃል ላይ የሚይዝ ቢሮ አለ። ሻጩ የሚገዛውን ቤት በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ፈርሞ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ግብሩንም ይከፍላል። መልከጼዴቅ ትንሹን ቤት በሁለት ቤት፣ ሁለቱን በአፓርታማ ለወጠ። በየጊዜው «ኤክስቼንጅ ውስጥ ነው፤ ካወጣሁት ግብር ይበላዋል፤ ጠብቁ» ይላቸው ነበር። መንግሥት ጠበቀ። እነሱም ጠበቁ።

ብዙነህ ከሞተ በኋላ የመልከጼዴቅ የንስሐ አባት የሰው ገንዘብ ይዘህ አልፈታህም አሉት። ሐሙስ፣ በዕርገት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለዘርፈሽዋል ደወለ። ቢሮውን አነጋግሬያለሁ፤ ምንም አልፈርምም፤ ነገ ቀኑ ያልፋል፤ ድርሻሽን ትወስጃለሽ አላት። አሁን ግን ቢሮው ዓርብ ማታ የተፈረመ ደብዳቤ ደርሶኛል እያለ ነው። ሌክውድ ያለ ሕንፃ ሊገዛ መርጧል ይላል።

«ደብዳቤው ከጸና ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ገባ ማለት ነው» አለች። «እኔም ሽማግሌ እያጠብኩ እሞታለሁ።»

«ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል።»

«ሻምበል፣ ጨካኝ ነበር። ግን ገሃነምን ይፈራ ነበር።»

«አንቺስ ሐሙስና ዓርብ ማታ የት ነበርሽ?»

«ሥራ። በየሌሊቱ አራት ሽማግሌ አጥቤያለሁ። ሄደው ይቁጠሯቸው።»

ሀይለማርያም ሄዶ ቆጠረ። አራት ነበሩ።

ሰኞ ናታን ቤቱን ከፈተለት። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ኦሮራ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱን በቅዳሜ ብቻ የሚያይ። ምግብ ጠረጴዛው እንደነበረ ነው፤ አልተነሳም። ግማሹ የተበላ ሽሮና እንጀራ ደርቋል። ከሳህኑ አጠገብ ደብዳቤው አለ፤ በላዩ እስክሪብቶ ተጋድሟል። ሀይለማርያም ጎንበስ ብሎ ፊርማውን አየ፤ ሰማያዊ ነው። እስክሪብቶውን ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከረው፤ ጥቁር ነው። ቤቱን ዞሮ ሌላ እስክሪብቶ ፈለገ፤ አላገኘም። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። እስከ አፉ የሞላ ድስት አለ። ክዳኑን አንስቶ አሸተተና መለሰው።

«አባትህ ዓርብ ዓርብ ምን ይበላ ነበር?»

«አይ ዶንት ኖው፣ አንክል። ኢትዮጵያን ፉድ። ሁሉም ብራውን ነው።»

«ደብዳቤው ቢጸና ለአንተ ይሻልሃል?»

ናታን እጁን ኪሱ ከተተ። «ዬስ። ግብር የለም፣ ሕንፃው የእኔ ይሆናል። ኖ ዋን አስክድ ሚ፣ ግን ዬስ።»

ምንትዋብን ግሌንዴል ባለው ቤቷ አገኛት። ሁለት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ለመልከጼዴቅ አብስላለች፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። እሷ የወንጌላውያን አማኝ ናት፤ እሱ በዚህ ሲያሾፍባት ኖሯል። ሐሙስ የዕለቱን እራት አቅርባ፣ ለዓርብና ለቅዳሜ የሚበቃ ወጥ ሠርታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣች። ዓርብ ቤት አልመጣችም። ቡና ስትቀዳለት በክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አየ። ምን እንደሆነ ጠየቃት። አምና በዚህ ወር ትኩስ ሳህን ወርውሮብኝ ነው አለችው። በምን የተነሳ ሲላት ነገረችው። ሀይለማርያም ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ረቡዕ ደግሞ ደላላውን እንዳሻውን ኮልፋክስ መንገድ ላይ ካለ ካፌ አገኘው። አፓርታማውን ያሻሻጠው፣ አዲሱንም ሕንፃ ያገኘለት እሱ ነው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ አንገቱ ላይ ትልቅ መስቀል፣ እጁ ላይ ትልቅ ሰዓት። ሀይለማርያም ማኪያቶ ላዝዝልህ አለው።

«ረቡዕ አይደል እንዴ ሻምበል? ጥቁር ቡና ይሁንልኝ። እርስዎ እንኳን ትልቅ ሰው…» ብሎ ሳቀበት።

ሀይለማርያም የራሱን ማኪያቶ ጠጣ። እንዳሻው ነገሩን ዘርዝሮ ነገረው። ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ሄደ፤ ሰውየው ሽሮውን እየበላ ነበር። ሐሙስ አልገዛም ያልኩት በካህኑ ተናድጄ ነው፣ ይህን ሁሉ ግብር ለምን እከፍላለሁ አለ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። እንዳሻው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለቢሮው ላከና ወጣ። ከዚያ በኋላ ወድቆ መሆን አለበት፤ ነፍስ ይማር አለ። ሲናገር እጁ የስኳር ወረቀት ይቀድ ነበር።

ዓርብ ሁሉም በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። ለለቅሶ የተከራዩት ወንበሮች አልተመለሱም ነበር። ከበሩ አጠገብ አንዲት የፖሊስ መርማሪ ተቀመጠች፤ ናታን ቀስ እያለ ይተረጉምላት ጀመር። ሀይለማርያም ቆሞ ነው የተናገረው።

«ከእስክሪብቶው ልጀምር» አለ። «ፊርማው ሰማያዊ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ግን ጥቁር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የለም። እንዳሻው፣ እዚሁ ፈረመ ብለኸኛል።»

«በእኔ እስክሪብቶ ፈርሞ ይሆናል። ማን ያስታውሳል?»

«ይሁን። ፊርማውም የራሱ ነው፤ ቢሮው አረጋግጧል። ግን መልከጼዴቅ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ናታን፣ ሕንፃው ለሽያጭ ሲወጣ ያየኸውን ንገራቸው።»

ናታን አባቱ ባዶ ወረቀቶች ላይ ጭምር ሲፈርም ማየቱን፣ እንዳሻው ለቸኮለ ጊዜ ይሆናል ብሎ መሰብሰቡን ተናገረ።

«እሺ፣ በእጄ ነበር እንበል» አለ እንዳሻው። «ታዲያ ሰው ለምን እገድላለሁ? ወረቀቱን መላክ ብቻ ነው።»

«ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በፊት ለቢሮው ደውሎ አልገዛም ብሏልና። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም። ሐሳቡን የለወጠ እንዲመስል የዓርብ ደብዳቤ ያስፈልግሃል። በሕይወት ካለ ደግሞ ያንኑ ዓርብ ደውሎ ይሽረዋል። ስለዚህ ዓርብ ማታ እራቱን የበላ፣ የፈረመ፣ ከዚያ የሞተ ሰው አስፈለገህ። አንተ ግን ሐሙስ ማታ ገፍትረኸው ነበር።»

ሀይለማርያም ወደ ምንትዋብ ዞረ።

«እስቲ ጠባሳሽን አሳያቸው። ሳህኑ ላይ ምን ነበር?»

«ሽሮ» አለች። «ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አቀረብኩለት። በሃምሳው ልታጾሚኝ ነው ወይ ብሎ ወረወረብኝ። ከትንሣኤ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ያን ቀን ተማርኩ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ለዓርብ የተውኩለት የበሬ ሥጋ ወጥ ነው።»

«ድስቱን አይቼዋለሁ፤ ማንኪያ አልገባበትም። ሽሮውን ማን አመጣው? ናታን አባቱ መቼ እንደሚጾም አያውቅም፤ የማያውቅ ሰው ሽሮ ፍለጋ አይሄድም። ምንትዋብ በክንዷ ታውቃለች። ዘርፈሽዋል ከቤተ ክርስቲያን አትጠፋም። የሚያውቅ አይሳሳትም፤ ጨርሶ የማያውቅም በዚህ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ግማሹን የሚያውቅ ነው። ረቡዕ ዕለት፣ በሃምሳው መሀል፣ እኔን ማኪያቶ ጠጣህ ብሎ የገሠጸ ሰው።»

እንዳሻው መስቀሉን ጨበጠ። «ሃምሳው… ዕርገት ሲሆን አያልቅም እንዴ?»

«በጰራቅሊጦስ ነው የሚያልቀው። ከነገ ወዲያ።»

መርማሪዋ ለናታን አንድ ወረቀት ሰጠችው። ሀይለማርያም ይዘቱን ቀድሞ ሰምቶ ነበር። የሬሳ ሐኪሙ በሟቹ ሆድ ውስጥ ሥጋ አግኝቷል፤ ሽሮ የለም። የሌክውዱ ሕንፃ ባለቤት አንድ ድርጅት ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት የእንዳሻው ሚስት ናት። ባንክ ሕንፃውን ሊወስድባት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ናታን ይህን አነበበ። ቀጣዩ መስመር ላይ ቆመና ወረቀቱን ለሀይለማርያም መለሰው።

ሀይለማርያም ጨረሰው። «ወዲያው አልሞተም። ዳሌው ተሰብሮ ሌሊቱን በሕይወት ቆይቷል። የሞተው ዓርብ ወደ ንጋት ላይ ነው።»

ምንትዋብ አፏን በእጇ ያዘች። ዘርፈሽዋል አልያዘችም።

«አንድ ሌሊት ነው» አለች። «እኛ አሥራ ስድስት ሌሊት ነበርን።»

እንዳሻው ሲወጣ እጁ ከኋላ ታስሮ ነበር። በሩ ላይ ዞሮ ሽማግሌ እኮ ነበር፣ ዓመት አይቆይም ነበር አለ።

ደብዳቤው የሞተ ሰው ደብዳቤ ሆነና ተሻረ። አርባ አምስቱ ቀን ያለ ምርጫ እንዳለፈ ተቆጠረ፤ ቢሮው ገንዘቡን ለወራሹ መለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት የተንከባለለው ግብር ተከፈለ። ናታን የዘርፈሽዋልን ውል ጠበቃ አስነበበ። ጠበቃው ብትከራከር ታሸንፋለህ፣ ወረቀቱ አሮጌ ነው ቢለውም አልተከራከረም።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሳምንት ቼኩን ይዞ ወደ መጦሪያው ሄደ። ሀይለማርያምም ለምስክርነት አብሮት ነበር። ዘርፈሽዋል የላስቲክ ጓንቷን አውልቃ ኮሪደር ላይ ተቀበለቻቸው። ሁለት መቶ አርባ ሺህ ዶላር ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ናታን» አለች፤ «ያ ቦይለር አዲሱ ስንት ነበር?»

ናታን ወለሉን አየ። «ናይንቲን። አሥራ ዘጠኝ ሺህ።»

ቼኩን አጣጥፋ ደረት ኪሷ ከተተችው። አሮጌውን ውል አውጥታ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ከሥሩ «ተቀብያለሁ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም። ከፊርማዋ ጎን የብዙነህ ስም ያለበትን መስመር ባዶ ተወችው። ወረቀቱን ለናታን ሰጠችው፤ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ወደሚጠብቃት ክፍል ገባች።