ድምፁ የተስተካከለበት ወንበር

ኃላፊው ፎቶግራፉን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው። የመኪና ስፒከር ገጣሚው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮው» የሚለው ሰውዬ፣ በደንበኛ መኪና ውስጥ የሾፌሩ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ላየው ሰው ዘፈን የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው። በጭስ ታፍኖ ሞቶ ነው እንጂ።

«ሸሪኩ ነው የገደለው። ትናንት አመሻሹን ይዘነዋል፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለ ኃላፊው። «አንቺ ሪፖርቱን ጻፊና ፈርሚ።»

«ቦታውን ሳላየው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ምኑን ነው የምታዪው? ተጣልተዋል፣ ‹እገድልሃለሁ› ብሎታል፣ ጎረቤት ሰምቷል። አለቀ ደቀቀ!»

ደሟ ፈላ። በዚህ መሥሪያ ቤት የሚቸኮለው ሁልጊዜ ለመዝጋት ነው፤ ለመክፈት የሚቸኩል እስካሁን አላየችም። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሪፖርቱን ሳትፈርም ወደ ማረፊያ ክፍል ወረደች።

ሸሪኩ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ ሽቦ በመላጥ የሻከሩ ሰው ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በትንሿ ስፒከር።» ራሱም አፈረ። «እኔ ዳሽቦርዱ ላይ ትሁን አልኩ። እሱ ደግሞ መስታወቱ ጎን ካልተሰቀለች ሞቼ እገኛለሁ አለ።» የተናገረው ቃል ራሱን አስደነገጠውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ርቀቱ ምን ያህል ነው?»

«አራት ጣት ቢሆን ነው።»

«በአራት ጣት ‹እገድልሃለሁ› ትባባላላችሁ?»

«እመቤቴ፣ አራት ጣት ቀላል አይደለችም! ፊትዎ ቆሞ ይዘፍን የነበረው ሰውዬ ጉልበትዎ ሥር ይገባል። እኔና እሱ አሥራ ስድስት ዓመት በየቀኑ ስንገዳደል ኖረናል፤ ማታ አብረን ነው የምንበላው። ሚስቴ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ክርስትና አባቱ እሱ ነበር የሚሆነው።»

ተናዶ የወጣው ስምንት ሰዓት ላይ መሆኑን፣ ሽቦ ለመግዛት ሄዶ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መመለሱን ነገራት። በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ ለመቆየቱ ምስክር የለውም። ሲመለስ የብረቱ በር ወርዷል፤ ሞተሩ ግን ይሠራል።

«በሩን የሚያወርደው የመንገዱ ጫጫታ እንዳይረብሸው ነው» አለ። «ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተሩ ፉጨት ስፒከሩ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ነው። ጭሱን በጎማ ቱቦ ከማርሚታው ወደ ውጭ እናወጣለን። ቱቦውን ሳይሰካ ቁልፍ አዙሮ አያውቅም። ትናንት ግን ቱቦው ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

«ስለዚህ የነቀለው ሰው አለ ማለት ነው።»

«እኔ አይደለሁማ!» አለና ድምፁ ተሰበረ።

ጋራዡ ስትደርስ ለጥበቃ የተመደበው ፖሊስ መኪናው ውስጥ ተንፈላስሶ እጁን ወደ ቴፑ ሲሰድ አገኘችው።

«እጅህን ሰብስብ! ነክተኸዋል?»

«ኧረ አልነካሁም፣ ዜና ልሰማ ብዬ…»

«ውረድ! ዜናው አንተ ራስህ ልትሆን ነበር!»

እሱን አስወርዳ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ዘፈኑን ከፈተች። ዘፋኟ በሩ ውስጥ ተቆልፎባት እርዳታ የምትጠራ ይመስላል፤ ከበሮው ብቻውን ወዲያ ማዶ ይደልቃል። አሥራ ስድስት ዓመት የተጨቃጨቁት ለዚህ ነው? ብስጭቷ ባሰ። ፖሊሱ ከጆሮው ኪስ አውጥቶ ያስቀመጠውን ዕቃ አየች። መፍቻ፣ እርሳስ፣ ጥፍር የምታክል የተሰበረች ቀይ ፕላስቲክ። ፕላስቲኳ ምን እንደሆነች የጠየቀ የለም። በጆሮው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ድምፁን የሚያስተካክልበት ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪናዋ ባለቤት መጣች። ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት ናት፤ ዓይኗ አያይም። ክንዷን ይዞ ያመጣት የእህቷ ልጅ ነው፤ መኪናውን የሚነዳላት እሱ ነው። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ እሱን ለብቻው ወሰደችው።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ጆሮው ደህና ነበር፣ ይስቃል። ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ አሰማኝ። ምን ልበልዎት! ዘፋኟ አፍንጫዬ ፊት ቆማ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። አመስግኜው በሰላም ተለያየን። ነፍሱን ይማር፣ እጁ ወርቅ ነበር።»

አክስትየዋ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር።

«ስፒከሩን ያዘዘው ማነው፣ እትዬ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። የቀረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ከጆሮው ጋር በስልክ ተነጋገርን። ከመኪናው ይልቅ ስለ እኔ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ቁመቴን፣ የምቀመጥበትን ሳይቀር።»

«የእህትዎ ልጅ ይህን ያውቃል?»

«እሱ ለድምፅ ምን አገባው? መኪናው ይሩጥለት እንጂ!»

ኢንስፔክተሯ መኪናውን ዞራ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ገባችና ዘፈኑን ከፈተች። ያቺው ዘፋኝ ከተቆለፈችበት ወጥታ መስታወቱ ፊት መሃል ላይ ቆመች፤ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል። ኢንስፔክተሯ «አይ የኔ ነገር!» ብላ ግንባሯን መታች።

ወርዳ ከጋቢናው ኋላ ያለውን በር አየችው። ሽፋኑ ለስፒከር ተፈቶ ተደግፏል። ላሜራው በውስጥ በኩል ተቀጥቅጦ ተቃንቷል፣ በስቱኮ ተደፍኗል፤ ታች የቀድሞው መስታወት ስብርባሪ ተከማችቷል። በእጇ ስትዳብስ ሁለት ቀይ የፕላስቲክ ቁራጮች አገኘች። ከጆሮው ኪስ ከተገኘችው ጋር ስታጋጥማቸው ገጠሙ፤ የብስክሌት የኋላ አንጸባራቂ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ብስክሌተኛ ገጭቶ ያመለጠ መኪና አለ፤ ያ መዝገብ መሳቢያዋ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩ በካቴና መጣ። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

«አንድ ሰዓት ነው ያለሽ። ዘፈን ልታሰሚን ነው የጠራሽን?»

«አዎ፣ እሱን ነው» አለችና ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ይህ ድምፅ ለየትኛው ወንበር ነው የተስተካከለው?»

ሸሪኩ ሁለቱም ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጠ። «ለጋቢና ነው። የቅርቡ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ እንዳይደርስ እሱን ትንሽ እናዘገየዋለን፤ ሁሉም እኩል ጆሮ ላይ እንዲደርሱ። ግን የሚሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱን ወንበር ካስደሰትን ሌላውን እናስቀይማለን።»

«እትዬ በጋቢና ስለሚቀመጡ ለእሳቸው ነው የሠራው። ለጋቢና የሚሠራ ገጣሚ የሚቀመጠውም ጋቢና ነው። ታዲያ እንዴት የሾፌሩ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ?»

ኃላፊው ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ሬሳውን ያዘዋወረው ሸሪኩ አይደለም። እሱ ቢሆን ኖሮ ጋቢና ውስጥ ይተወው ነበር፤ የሥራ ቦታው መሆኑን ያውቃላ! ይህን የሚያደርገው ሾፌር ነው። ሞተሩ እየሠራ ሰው ጋቢና ውስጥ ሞቶ ቢገኝ ‹መሪው ጋ ማን ነበር?› እባላለሁ ብሎ የሚፈራ ሾፌር ነው።» ወደ እህት ልጁ ዞረች። «ድምፁ ከዘጠኝ ከአርባ ወዲህ አልተለወጠም። አንተ አሥር ሰዓት ላይ ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኜ ዘፋኟ ፊቴ ቆመች አልክ። እስኪ አሁን ተቀመጥና የት እንደቆመች አሳየኝ።»

እህት ልጁ ከመኪናው አንድ እርምጃ ሸሸ።

«አላሰማህም። በሩ ውስጥ ያገኘውን የብስክሌት ስብርባሪ፣ ይህን ቀይ ፕላስቲክ ነው ያሳየህ። ‹ለአክስትህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ብሎህ ይሆናል። ከዚያ በሩን አውርዶ፣ ዘፈኑን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሥራው ውስጥ ገባ። አንተ ቱቦውን ነቀልክ፤ በዚያ ጩኸት ምን ይሰማዋል? እስኪያልቅለት ውጭ ጠብቀህ አዘዋወርከው፣ ቱቦውን ጠቀለልክ፣ በሩን መልሰህ አውርደህ ሄድክ።»

እህት ልጁ ለመሳቅ ሞከረ። «እሺ፣ ስለ ድምፅ አላውቅም፤ ጥሩ ነው ማለት ወንጀል ነው? ፕላስቲኩም ጎዳና ላይ የወደቀ ነው እላለሁ። ይህን ይዘሽ ነው ፍርድ ቤት የምትቆሚው?»

ኃላፊው ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለ። «እውነቱን ነው፤ ይህ ብቻ አያስይዝም። ጊዜውም ደርሷል፤ ሸሪኩን መውሰድ አለብኝ።»

ኢንስፔክተሯ እውነቱን ይዛው፣ በእጇ ዳስሳው፣ ሊያመልጣት ነው።

«ገንዳ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች አክስትየዋ ከበርጩማዋ ላይ።

«አክስቴ፣ አንቺ አትግቢበት!»

«ከኋላዬ ድው ሲል፣ መስታወቱ ሲረግፍ፣ ‹የቆሻሻ ገንዳ ነካሁ› አልከኝ። ገንዳ አይጮህም። ሰው ሲጮህ ሰምቻለሁ።» በምርኩዟ መሬቱን መታች። «ያሳደግኩህ ልጅ ነህና ጆሮዬ ነው ያረጀው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ይህ ሰው ዛሬ በሕይወት ነበር።»

«አክስቴ!»

«ዝም በል! ሁለት ወር እኔ ዝም ብዬልሃለሁ።» ፊቷን ወደ ኢንስፔክተሯ ድምፅ አዞረች። «ልጄ፣ ወረቀት አለሽ? ቀኑን እነግርሻለሁ፣ የነበርንበትን መንገድ እነግርሻለሁ። ምን ብሎ እንደጮኸም እነግርሻለሁ። ‹እማዬ› ነው ያለው።»

ኃላፊው ቁልፉን አውጥቶ የሸሪኩን ካቴና ፈታና ወደ እህት ልጁ ሄደ። ሸሪኩ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስቱ ይሮጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ሄዶ አሮጊቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ምርኩዟ እንዳይወድቅ ያዘላት። ኢንስፔክተሯ መጻፍ ጀመረች።