«ደህና ነኝ» ያለው ማሽን

ትርሲት ጠዋት ቢሮዋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው ማሽኑን «እንዴት አደርክ?» ማለት ነው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ?» ይላታል። ከዚያ ኮቷን ትሰቅላለች።

ማሽኑ ራሷ የሠራችው ነው፤ «ጠያቂ» ይባላል። ብቻቸውን በሚኖሩ አረጋውያን ቤት፣ ግድግዳ ላይ ሆኖ ጠዋት ማታ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ የታመመ ካለ ሐኪም ይጠራል። ልቡ እዚህ ድሬዳዋ ነው፣ ጆሮዎቹ ግን በየከተማው ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የከበደው የእኛ ሰው ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ የተባለውን ሁሉ ያምናል። አንዲት እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ወለል ላይ ወድቀው ሳለ «እንዴት አደሩ?» ቢላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት፤ እሱም አመስግኖ ዝም አለ። ትርሲት አልቅሳ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ደግሞ ቃል የሚባል አያምንም፤ «ኡፍ» ላለ ሁሉ አምቡላንስ ይልካል። በዚህ አገር «ኡፍ» የማይል ማን አለ? ከተማው በጩኸት ታመሰ፣ ሸሪኮቿም ጥለዋት ሄዱ። ሦስተኛውን በሰው መሀል ለዓመታት አስቀምጣ አሳደገችው፤ ውስጡን ለቄስ የሚሉትን ነገር ከባለቤቶቹ እንዲማር። ተማረም።

ዛሬ ከሰዓት ገዢዎች ይመጣሉ። ካልገዙ ቢሮው ይዘጋል። ለእነሱ ልታሳይ መስመሮቹን መፈተሽ ስትጀምር የደሴውን ጭጭ ብሎ አገኘችው።

«ደሴን አትሰማም እንዴ?»

«ካልሰማሁ ሰንብቻለሁ።»

«ታዲያ ጠዋት ደህና ነኝ አላልከኝም?»

«ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ነው። ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

ትርሲት ስልኳን አነሳች። አባቷ አቶ ደባልቄ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ፣ ደሴ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጠያቂው አለ ብላ እሷም መደወል ትታ ነበር።

ደወለች። ቆይተው አነሱት።

«እንዴት ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። ሥራው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች። በሯ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ያስጻፈችው እሷው ናት።

«እውነት ደህና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

የሰው ትንፋሽ የሚያነብ ማሽን የሠራችው ሴት የአባቷን ትንፋሽ ማንበብ አቃታት። ደሴ ሩቅ ነው። ደግማ ብትጠይቅ፣ ደግመው ተመስገን ሊሏት ነው። የምታደርገው ጠፋት። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሥራው ጥሩ አይደለም። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ነው። አቅቶኛል።»



«እኔም መነሳት አቅቶኛል» አሉ አቶ ደባልቄ። «ወገቤን ነው። ከትናንት ጀምሮ ወለሉ ላይ ነኝ። ትልቅ ቀንሽ ነው ብዬ...»

በሌላ ስልክ ጎረቤታቸውንም አምቡላንስም ጠራች፤ የአባቷን ግን አልዘጋችም። እስኪደርሱላቸው ትንፋሻቸውን ከማድመጥ በቀር የምትችለው አልነበረም። ለካ ሰው ችግሩን የሚነግረው ለጠየቀው ሳይሆን የራሱን ቀድሞ ለነገረው ነው። ሦስት ማሽን ስትሠራ አንዱንም ይህን አላስተማረችውም።

ያኔ ጠያቂው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እኔም ደህና አይደለሁም። ወልዲያን አልሰማም። ኮምቦልቻን አልሰማም። መርሳንም።»