ማጥፊያው ላይ የቀረው ጭቃ

መርማሪዋ ግቢው ጋ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እግሯም ከጫማዋ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ አስከሬኗ ነው። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራት ሰው በሳምንት ሦስት አስከሬን ባይመጣባት ጥሩ ነበር፤ ግን ማን ጠይቋት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሌላው «ማን ገደለው» ሲል እሷ «ለምን» ስለምትል ነው። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልተቀየመችም።

ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ተቀበላት።

«እትዬ፣ በከንቱ ደከሙ። ቀላል ነገር ነው። የቱቦ ጠራጊውን የገዛ የውሃ ጎማው አፈትልኮ መታው። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙም ‹የገደልኩት እኔ ነኝ› ብሎ አምኗል።»

«ለምን?»

ሃምሳ አለቃው ፈገግታውን ዋጠ። «እንቅልፍ ወስዶት ነው።»

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። በሩ አጠገብ በቤንዚን የሚሠራ የግፊት ውሃ ማሽን ቆሟል፤ ከማሽኑ የተነሳው ቀጭን ጎማ በቤቱ ጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ጓሮ ይገባል። ጓሮ ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ተነስቷል። ከጎኑ አርባውን የተሻገረ ሰው በደረቱ ተደፍቷል፤ ከጆሮው በላይ አጥንቱ ተሰብሯል። የጎማው ጫፍ ከነብረት አፍንጫው ጭንቅላቱ አጠገብ ተጋድሟል። ያየ ሁሉ ጎማው መታው ቢል አይፈረድበትም።

መርማሪዋ ግን ዓይኗን ከሟቹ ላይ አንስታ ወደ ልብስ ማስጫው ዞረች። ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ላይ ሦስት አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ጠርዛቸውን ዳሰሰች፤ ደርቀዋል፤ ጠብታ እንኳ የለባቸውም። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች። ከጉድጓዱ አፍ የሽቦ ቅርጫት አለ፤ ከቱቦው የሚወርደው ቆሻሻ ወደ ታች እንዳያልፍ የሚይዘው ነው። ባዶ ነው። አንስታ አሸተተችው፤ በረኪና ይሸታል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የክዳን ማንሻ ብረትም እንደ ማንኪያ ታጥቧል።

«የቱቦ ጠራጊ ሥራውን ሳይጨርስ ዕቃውን በበረኪና ያጥባል?» አለች።

«ንጹህ ሰው ይሆናላ፣» አለ ሃምሳ አለቃው።

ታናሽየው ማሽኑ አጠገብ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ትከሻው ላይ የደረበው ካፖርት ሰፍቶት እጅጌው ጣቱን ውጦታል። የእጁ አንጓ ላይ ሲባጎ ታስሯል፤ ሲባጎው ከጎማው ጎን ለጎን ወደ ጓሮ ይሄዳል።

«ልጄ፣ ሥራችሁን ንገረኝ፣» አለችው፤ እሷም ሌላ ጀሪካን ስባ ተቀመጠች። መቀመጡ ብቻውን እፎይታ ነበር።

«እሱ ቆሻሻ እጅ ነው፣ እኔ ንጹህ እጅ። እሱ ጉድጓዱን ይይዛል፤ እኔ ማሽኑን። የእሱ እጅ ማሽን አይነካም፣ የእኔ እጅ ጭቃ አይነካም። ጭቃ ሞተሩ ውስጥ ከገባ እንጀራችን ነው የሚቆመው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራነው።»

«ሲባጎውስ?»

«ማሽኑ ሲያጓራ አንሰማማም። አንዴ ሲጎትት አስነሳለሁ፣ ሁለቴ ሲጎትት አጠፋለሁ። የጎማዋ አፍንጫ ውሃውን ወደ ኋላ ነው የምትተፋው፤ በዚያ ኃይል ራሷን እየገፋች ቱቦው ውስጥ ትገባለች፣ ስትመለስ ቆሻሻውን ጠርጋ ታወርዳለች። ውስጥ እስካለች ማንንም አትነካም። ሳትጠፋ ከወጣች ግን ትጋረፋለች፤ አጥንት ትሰብራለች።»

«ዛሬስ?»

ልጁ አንጓውን አየ። «ሚስቴ አራስ ናት፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቤታችን ሌሊት የለም። አንዴ ጎተተ፣ አስነሳሁ። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስነቃ ጸጥ ብሏል። ቤንዚን ያለቀ መሰለኝ። ሮጬ ስሄድ…» ሲባጎውን ጨበጠ። «ሁለቴ ሲጎትት ተኝቼ ነበር ማለት ነው። እናታችን ያላት ሁለት ልጅ ነው፣ እትዬ። አንዱን ተኝቼ ገደልኩብሽ ብዬ ነው የምነግራት?»

መርማሪዋ አላጽናናችውም። የማታውቀውን ማጽናናት አትወድም።

«ካፖርቱ የአንተ ነው?»

ገና ያየው ይመስል ተመለከተው። «የእሱ ነው። ጠዋት ጓሮ መግቢያው ምስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። መቼ እንደደረብኩት አላውቅም።»

«ከቱቦ ዕቃ ሲወጣ ምን ያደርግ ነበር?»

«ለባለቤቱ እጅ በእጅ ይመልሳል። ቀለበት፣ ቁልፍ፣ አንዴ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ‹ቀኝ ኪሴ የእኔ ነው፣ ግራው የሰው ነው› ይል ነበር።»

መርማሪዋ የካፖርቱን አንገትጌ አየች፤ ቀጥላ አፉን ጭቃ የነካውን ግራ ኪሱን። «እንዳታወልቀው፣» አለችው። «ኪሱ ውስጥም እጅህን እንዳታገባ። አሁን እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋላት። ቤንዚን ይሸታል፤ ጥፍሩ ውስጥ ግን ጭቃ የለም። ተነስታ ማሽኑን መረመረች። የነዳጅ ታንኩ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው። ማጥፊያው ወደ ታች ተጫኗል፤ ላዩ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

«ይህን ማንም እንዳይነካው፣» አለችው ሃምሳ አለቃውን።

ጎን ቤት የተከራየችው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተቀበለቻት።

«የሰማሁትን እነግርዎታለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርም። ያ ማሽን ሲያጓራ የገዛ መኪናዬን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። ሲቆም ተመስገን አልኩ። ከዚያ የሁለት ሱሪ እግር አጠፍኩ። ልጁ ሲጮህ ሦስተኛውን ይዣለሁ።»

«ሁለት ሱሪ ስንት ደቂቃ ይወስድብሻል?»

«እኔን? ሃያ።»

«ከሟቹ ጋር ጠዋት ተጨቃጭቃችሁ ነበር ይባላል።»

«‹ቱቦውን የደፈነው ያንቺ ብጥስጣሽ ጨርቅ ነው› ብሎኝ ነዋ። አንዲት ክር ጥዬ አላውቅም። ሰድቤዋለሁ፤ እሱም ሰድቦኛል፤ ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። እኔ ምላሴ ይበቃኛል፣ እትዬ፤ እጄን ለሥራ ነው የማስቀምጠው።»

የቤቱ ጌታ መስታወት ነጋዴ ነው። ተደውሎለት ከሱቁ የመጣው ገና አሁን ነው፤ ሁለት ሠራተኞቹም አብሯቸው እንደዋለ በስልክ ተናግረዋል። ሳሎኑ ውስጥ ሲንጎራደድ አገኘችው።

«ቱቦ ጠራጊውን ማን ጠራው?»

«እኔ። ሽንት ቤቱ ከተደፈነ ሁለት ሳምንት ሆነው። እህቴ ‹ሰው አይምጣ፣ የፈላ ውሃ እደፋበታለሁ› ትላለች። የፈላ ውሃ ምን ያደርግለታል? ሽታው ጎረቤት ሲደርስ ሳልነግራት ጠራሁ።»

እህትየው ከላይ፣ የእናቷ ክፍል ውስጥ ናት። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ከዓይኗ በታች ያለው ጥቁረት ግን ከዚያ ይበልጣል። እጇ በበረኪና ተሰነጣጥቋል። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ አንሰው አንሰው ከብርድ ልብሱ ለመለየት ያስቸግራሉ። ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ካርቶን፣ ብርጭቆና ማንኪያ በሥርዓት ተደርድረዋል። መስኮቱ ጓሮውን ያሳያል።

«ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም፣» አለች እህትየው። «እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ማሽኑ እያጓራ ሳለ ልጁ ሲጮህ ሰማሁ። በቃ።»

«እስኪጮህ ድረስ ማሽኑ አልቆመም?»

«ለደቂቃ እንኳ። ጆሮዬ እስኪደነቁር።»

«እናትሽን ስንት ዓመት አስታመምሽ?»

«ስምንት። መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፤ አልሻላት አለ እንጂ።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች።  ይህችን ሴት መጥላት ቢቻላት ሥራዋ ይቀላት ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ነጋዴው ቆመ፤ ልብስ ሰፊዋ ጥግ ያዘች፤ እህትየው ለደረጃው ቅርብ የሆነው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታናሽየው ካፖርቱን እንደደረበ ወለሉን ያያል። መርማሪዋ እግሯን ዘርግታ ቁጭ አለች።

«ከአንሶላዎቹ እንጀምር፣» አለች። «ጎማው ውሃ እየተፋ ከቱቦው ወጥቶ ቢሆን ጓሮው በሙሉ በፍሳሽ ይታጠብ ነበር። አንሶላዎቹ ንጹህ ናቸው። ስለዚህ ጎማው ከቱቦው የወጣው ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋ ጎማ ደግሞ ገመድ ነው፤ ገመድ አጥንት አይሰብርም።»

ታናሽየው ቀና አለ።

«ታዲያ ማሽኑን ማን አጠፋው? ቤንዚኑ አላለቀም። ማጥፊያው ላይ ጭቃ አለ። ይህ ልጅ ጭቃ አይነካም፤ እጁን አይቻለሁ። ጭቃ የሚነካው ወንድሙ ነው። ሲባጎውን ሁለቴ ጎተተ፤ መልስ አጣ። በአሥራ ሁለት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ራሱ መጥቶ በቆሻሻ እጁ አጠፋው። ከዚያ በሰላም ወደ ጓሮ ተመለሰ። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ሱሪ ሰፍታለች። ሰውየው የሞተው በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ በሰው እጅ፣ በክዳን ማንሻው ብረት ነው።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ነጋዴው።

«መጀመሪያ ‹ለምን› ነው። ገዳዩ ብረቱን ቢያጥብ ይገባኛል። ቅርጫቱን ለምን ያጥባል? ቅርጫት ውስጥ የሚገባው ከቱቦው የወረደው ነው። ስለዚህ ከዚህ ቤት ቱቦ መታየት የሌለበት ነገር ወርዷል ማለት ነው። ጎማውስ ለምን ጭንቅላቱ አጠገብ ተደረገ? ጎማው ገደለው እንዲባል። ይህ እንዲታመን ደግሞ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ሲያጓራ መቆየት አለበት። እስከ መጨረሻው ሲያጓራ ሰማሁ ያለችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

ነጋዴው ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። እህትየው እጇን እያየች ነበር።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፣» አለች መርማሪዋ፤ «ቱቦ ግን የዋጠውን ይመልሳል። ልጄ፣ አሁን ግራ ኪስህ ውስጥ እጅህን አግባ።»

ታናሽየው እጁን አገባ። ሲያወጣው መዳፉ ላይ ጭቃ የነካው የመድኃኒት እሽግ አለ። አሥሩም ክኒኖች በየቦታቸው ናቸው፤ አንዱም አልተፈለቀቀም። «ማሽኑን ሊያጠፋ ከመምጣቱ በፊት ከቱቦው ያገኘው ነው፣» አለች መርማሪዋ።

ነጋዴው ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «የእናቴ ነው፣» አለ። «በየወሩ የምገዛው እኔ ነኝ። ምንድን ነው ይሄ?»

 እህትየው ተናገረች፤ ድምፅዋ ስለ ገበያ የምታወራ ያህል ዝግ ያለ ነበር።

«ቆሻሻ ውስጥ ብጥለው ታየዋለህ ብዬ ነው ሽንት ቤት የጣልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ደከመኝ ብትዪኝ…»

«ነግሬህ ነበር። ‹አይዞሽ› አልከኝ። በየወሩ ክኒን ትገዛለህ፤ አንዲት ሌሊት መጥተህ አልተቀመጥክም። ስምንት ዓመት እንቅልፍ የሚሉትን ነገር አላውቀውም። እንድትሞት አልነበረም። እንዲያልቅ ነበር።» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ሰውየው በመስኮት ጠራኝ። ወረድኩ። ቅርጫቱ ሙሉ ነበር። ‹እትዬ፣ ይሄ የእናትዎ መድኃኒት አይደል? ሳይነካ እኮ ነው የተጣለው› አለኝ። ስጠኝ አልኩት። ‹የጠራኝ ወንድምዎ ነው፤ ለእሱ እጅ በእጅ እሰጣለሁ› አለ። ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ጎንበስ ሲል ብረቱ አጠገቤ ነበር። ያኔ ያሰብኩት ‹ደክሞኛል› ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሃምሳ አለቃው እህትየውን ይዞ ሲወጣ ነጋዴው እሽጉን እንደያዘ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ተነሱ፣» አለችው መርማሪዋ። «እናትዎ ብቻቸውን ናቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ይቀመጡላቸው።»

ተነሳ። እሽጉን ከእጁ ተቀብላ በወረቀት ጠቀለለችው።

በሩ ላይ ሃምሳ አለቃው ተመልሶ ቆመ። «ካፖርቱም ማስረጃ ነው፣ እትዬ።»

«ነው። ነገ ጠዋት ራሱ ያመጣዋል።»

ታናሽየው ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም። አንጓው ላይ የታሰረውን ሲባጎ ለመፍታት እየሞከረ ነው፤ ቋጠሮው ጠብቆበታል። መርማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣ ፈታችለት።

«ሁለቴ ጎትቷል ማለት ነው?» አላት።

«ጎትቷል።»

«እኔ አልነቃሁም።»

«አልነቃህም። መጥቶ አጠፋው። ካፖርቱን ከምስማሩ አንስቶ ደረበልህ። አንገትጌውን እየው።»

አንገቱን አዙሮ አየ። በግራም በቀኝም፣ ትከሻው ላይ ልብስ የሚያስተካክል ሰው በሚይዝበት ቦታ፣ የጭቃ ጣቶች ደርቀዋል። ልጁ ጣቱን አስጠግቶ ሳይነካቸው መለሰው።

«አንተ አልገደልከውም፣» አለችው። «ለእናትህ እንዲህ ብለህ ንገራት። ጣቶቹንም አሳያት።»

 ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሰው ስትጠይቅበት የኖረችውን ቃል እሷኑ ጠየቃት።

«ለምን አልቀሰቀሰኝም?»

መርማሪዋ ሲባጎውን ጠቅልላ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ደክሞህ ነበራ፣ ልጄ፣» አለችው።