ከላይኛው ፎቅ የመጣው ስጎ

ንቢት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእናቷና ከአምስት ዓመት ወንድሟ ጋር ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ንቢት እውነተኛ ስሟ አይደለም። አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ስለማይሆንላት ጎረቤቱ ሁሉ ያወጣላት ስም ነው። ክፍል ውስጥ መምህሯ ሳይቀሩ «ንቢት፣ ተቀመጪ» ይሏታል። እዚህ መካከላችንም ንቦች አይጠፉም። ያ የሚወዛወዝ እግር የማን ነው? እሺ፣ ይረፍ፤ ታሪኩን ልቀጥል።

ወንድሟን ኳሴ ይሉታል። ጉንጩ ክብ፣ ሆዱ ክብ፣ ሲሮጥም የሚንከባለል ነው የሚመስለው።

እናታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሥራ ስለሚበዛ ቤት የምትደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስትመጣ ጣቶቿ ደንዝዘው፣ እግሮቿ አብጠው ነው። ስለዚህ ንቢት አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ጊዜ እናቷ ምድጃው አጠገብ አቆመቻትና የሥራ ቀን እራት አሠራር አስተማረቻት።

«ስሚ ልጄ» አለቻት። «መጀመሪያ ሆድ የሚይዝ ነገር ትጥጃለሽ። ፓስታ ወይ ሩዝ ወይ ድንች። ከዚያ ጉልበት የሚሰጥ ነገር፤ እንቁላል፣ ወይ ቶሎ የሚበስለውን ቀይ ምስር። ከዚያ አትክልት። ካሮት ካለ ካሮት፣ ከሌለ ጎመን፣ እሱም ከሌለ ያቺ ጥግ ላይ የተረሳችው ዝኩኒ። የጎደለውን በሌላ ተኪው፣ ማንም አይቆጣሽም።»

«ሁሉንም መተካት ይቻላል?» አለች ንቢት፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች።

እናቷ ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። «ሁሉንም። አንድ ነገር ግን አይቀየርም። ከሌላ ቤት የመጣ ምግብ፣ ምን ምን እንዳለበት ሳንጠይቅ ኳሴ አፍ ውስጥ አይገባም።»

ምክንያቱን ንቢት ታውቀዋለች። ኳሴ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኦቾሎኒ ያለበት ብስኩት ቀምሶ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ሐኪሙ ኦቾሎኒ ለእሱ መርዝ ነው ብሎ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን መርፌ ሰጥቷቸዋል። መርፌው በቀይ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከበሩ አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ንቢት ጎበዝ ሆና ወጣች። ውሃው እስኪፈላ ካሮቱን ትፍቃለች፤ ፓስታው እስኪበስል ሽንኩርቱን ታቁላላለች፤ እንቁላሉን ከላይ ትሰብርበትና ትከድነዋለች። እናቷ ገብታ ሳህኖቹን ስታይ ሰዓቷን ታነሳና «በስንት ደቂቃ?» ትላለች።

«በሃያ።»

«እጅሽን ይባርከው። እንዳንቺ ያለ ፈጣን አላየሁም።»

ንቢት ይህቺን ቃል ከእራቱ የበለጠ ትወዳት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ፣ በአሥራ ስምንት እያለች ደቂቃዋን መቀነስ ጀመረች። መፍጠን ክፉ ነገር አይደለም፣ ልጆች። ንቢት ግን ከእራቱ ይልቅ ምስጋናውን ማብሰል ጀምራ ነበር።

አንድ ሐሙስ ግቢ ውስጥ የገመድ ዝላይ ውድድር ተደረገ። አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ መቶ የዘለለ ያሸንፋል። ሕጉን ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨዋታ ትቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ንቢት ሰባ ሁለት ላይ ተደናቀፈች።

«አንድ ዙር ብቻ» አለች።

አንዱ ዙር ሦስት ሆነ። ሦስቱ አምስት ሆነ። ኳሴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ «ራበኝ» አለ። «መጣሁ» አለችው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ራበኝ» አለ። «መጣሁ አልኩህ እኮ» አለችው። ቀና ስትል የግቢው መብራት በርቷል። የእናቷ አውቶቡስ ሊደርስ የቀረው ሩብ ሰዓት ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ያልተላጠ ካሮትና ያልተከፈተ ፓስታ ነው።

«አለቀልኝ» አለች።

ጓደኛዋ ቀጭኔ ገመዱን እየጠቀለለች ነበር። አንገቷ ረጅም ስለሆነ ነው ቀጭኔ የሚሏት። አራተኛ ፎቅ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ አክስቷም ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች ትሸጣለች።

«ምን አስጨነቀሽ?» አለች ቀጭኔ። «ዛሬ እኛ ቤት ስጎ ተርፏል። አንቺ ፓስታውን ቀቅዪ፣ ስጎውን እኔ አመጣልሻለሁ። ማን ያውቃል?»

«አክስትሽ ቤት አለች?»

«ገበያ ወጥታለች። ምንም አትልም።»

ምን ምን አለበት? የሚለው ጥያቄ ንቢት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀጭኔ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች መውጣት ጀምራለች። ጊዜውም እየሄደ ነው። ንቢት ጥያቄውን ዋጠችውና ኳሴን እጁን ይዛ ወደ ቤት ሮጠች።

እናቷ በሩን ስትከፍት ፓስታው በሦስት ሳህን ቀርቦ ነበር። ስጎው ቀይ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ሌላውን ሽታ ሁሉ ሸፍኖታል። እናቷ ጫማዋን ሳታወልቅ አንድ ሹካ ቀመሰች።

«ይሄስ ይለያል» አለች። «ምን አደረግሽበት?»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የመመለሻው በር ገና ክፍት ነበር። ንቢት እውነቱን ብትናገር የሚደርስባት ትንሽ ቁጣ ብቻ ነበር።

«ቲማቲም» አለች። «ካሮት። ነጭ ሽንኩርት።»

«ማን አሳየሽ?»

«ዝም ብዬ ሞከርኩት።»

«በስንት ደቂቃ?»

«በአሥራ ሰባት።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። ሁልጊዜ የሚጣፍጣት ምስጋና የዚያን ቀን አልጣማትም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ጨው አመጣች፤ ጨው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበረ። እናቷ «ምን ሆነሻል? እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለቻት።

ኳሴ ትኩስ ነገር ስለማይወድ ፓስታውን እፍ እፍ ሲል ቆየ። ከዚያ መብላት ጀመረ። አራተኛው ሹካ ላይ ሳለው። አምስተኛው ላይ ሹካውን ጣለና አንገቱን ያዘ።

«ትን አለው» አለች እናቱ። ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ሳሉ ግን አልቆመም፤ ትንፋሹ እንደ ፉጨት ሆነ።

ፊት ለፊታቸው ባለው ቤት ጡረታ የወጡ ነርስ ይኖራሉ፤ ሕንፃው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ንቢት በራቸውን በሁለት እጇ ደበደበች። ሲስተር በነጠላ ጫማቸው እንዳሉ መጡ።

«ምን በላ?» አሉ።

«ፓስታ ነው» አለች እናቷ። «ንቢት ናት የሠራችው፣ ቲማቲምና ካሮት ብቻ ነው ያለበት። ትን ብሎት ነው።»

ሲስተርም ይህንኑ አምነው፣ ኳሴን አጎንብሰው በትከሻዎቹ መካከል መምታት ጀመሩ። አንዴ። ሁለቴ። የሚወጣ ነገር የለም።

ንቢት በበሩና በጠረጴዛው መካከል ትመላለሳለች። በልቧ «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ አድነው፣ ሁለተኛ አልዋሽም» ትላለች። ልጆች፣ እሷ ከአምላክ ጋር እየተደራደረች ነበር። ከእሷ የሚፈለገው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም እዚያው አፏ ውስጥ ያለ። ብናገር እናቴ ምን ትለኛለች? ሲስተርስ? ግቢው ሁሉስ? የኳሴን ከንፈር አየችው። አብጧል።

«ስጎው የእኔ አይደለም» አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

«ከቀጭኔ ቤት ነው። ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም። ዋሽቼ ነው።»

ሲስተር የኳሴን ሸሚዝ ገለጡት። ሆዱ በሙሉ በቀይ እብጠት ተሸፍኗል። «ትን አላለውም» አሉ። «መርፌው የት ነው?»

ንቢት ቀዩን ሳጥን ለማውረድ ወንበር አልፈለገችም፤ እንዴት እንደደረሰችበት እሷም አታውቅም። ሲስተር መርፌውን ጭኑ ላይ ወጉት። «አሁን ሩጪና ስጎው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቂ። ሐኪሙ ማወቅ አለበት።»

ንቢት ወደ አራተኛ ፎቅ በረረች። የቀጭኔ አክስት ከገበያ ገብታ ዘንቢሏን እያራገፈች ነበር።

«እትዬ፣ ስጎው ውስጥ ኦቾሎኒ አለበት?»

«አዎ፣ ለማወፈር ትንሽ ፈጭቼ እጨምራለሁ። ምነው?» አለች፤ የንቢትን ፊት ስታይ ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳቸውን የጎረቤት ታክሲ ያስነሣችው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። እናቷ ተቀመጠች። ንቢት ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች የወለሉን ንጣፍ ትቆጥራለች። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንፋሹ ተመልሷል፤ መርፌው በጊዜው ነው የደረሰው። እስኪረጋጋ ግን እዚሁ እናቆየዋለን» አለ። ያን ጊዜ ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

እናቷ ወደ እሷ ዞረች።

«እራቱ ቢዘገይ ምን አደርግሽ ነበር?»

«ፈጣን ነሽ እንድትዪኝ ፈልጌ ነው።»

እናቷ ጣቶቿን አሸች። «ሰዓት መቁጠሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱን እተወዋለሁ። ግን ልጄ፣ ስጠይቅሽ ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ። ሲስተር ወንድምሽን በከንቱ ሲመቱት ቆመሽ እያየሽ ነበር። እምነቴ እስኪመለስ ድረስ ብቻሽን ምድጃ አትነኪም።»

«እሺ እማ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ለፈጠረሽም ንገሪው።»

ንቢት ራሷን አጎነበሰች። የዚያን ጊዜው ጸሎቷ ድርድር አልነበረበትም። «ዋሽቻለሁ፤ ወንድሜን ጎዳሁት፤ ይቅር በለኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ኳሴ ሲነቃ ዓይኑን አሻሽቶ አያት። «ስጎሽ ያሳክካል» አላት።

ንቢት «የእኔ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና እንደገና ከፈተችው። «አዎ ኳሴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ነገ እንቁላል ሥሪልኝ» አለና ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ንቢት እናቷ አጠገብ ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍና ሳህን ስታጥብ ቆየች። እናቷ እስክትመጣ ይጠብቃሉ፤ እራታቸውም ይዘገያል፤ ኳሴም ያጉረመርማል። ቀጭኔም መጥታ በሲስተርና በንቢት እናት ፊት ይቅርታ ጠይቃለች። በሰባተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን የንቢት እናት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የሩዙን ጣሳ ምድጃው አጠገብ ትታላት ሄደች።

ያን ቀን ምሽት እናቷ ደረጃውን ስትወጣ የሚያር ነገር ሸተታት። በሩን ሳትነካው ንቢት ከፈተችው።

«እማ፣ ሩዙን አሳርሬዋለሁ። መስኮት ላይ ሆኜ ከቀጭኔ ጋር ሳወራ ረስቼው ነው።»

እናቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እንቁላል ስንት አለን?»

«አራት።»

«ዳቦስ?»

«የጠዋቱ ግማሽ አለ።»

«ይበቃናል» አለች እናቷ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ነይ፣ አንቺ ሽንኩርቱን ላጪ፤ እኔ ድስቱን እዘፈዝፋለሁ።»

ያን ዕለት እራት የበሉት አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። በስንት ደቂቃ እንደደረሰ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ንቢትም፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ እራቱ እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሣችም።

ልጆቼ፣ ስታጠፉ እውነቱን ሳትዘገዩ ተናገሩ፤ በቶሎ የተነገረ እውነት እናንተንም የምትወዷቸውንም ያድናልና።