ሲሰኩት የሚሞላ ቅርጫት

ዶርቃ የውጭ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ስትሰካው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ሞላ። ከአፍታ በፊት ባዶ ነበር። ነቀለችው፤ ባዶ። መልሳ ሰካችው፤ ወረቀት የታጨቀበት።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ እትዬ አፀደ ከጀርባዋ። የሙሴ እናት ናቸው። ከለቡ በታክሲ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ ነጠላቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆይተዋል።

«አልተበላሸም፣ እትዬ። መፈለግ አለብኝ።»

«ሙሴ ሲዘምር ያለበት ቪዲዮ ካለ ብዬ ነው። ፊቱ ባይታይም ግድ የለም፤ ድምፁ ይበቃኛል።»

ሙሴ ከሦስት ሳምንት በፊት በመካኒሳው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ለወጣቶች ጉባኤ ባነር ሲሰቅል ከመሰላል ወድቆ ሞተ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሚዲያ ቡድኑ መሪ፣ የዶርቃ ታላቅ ወንድም ብሩኬ፣ ለሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፤ «አትውጣ ብዬው ነበር። እኔ ውጪ ነበርኩ። ካሜራውም አልበራም።» በቀጣዩ ቅዳሜ የወጣቶች ትምህርት ርዕስ «መታዘዝ» ሆነ። የሙሴ ስም አልተጠራም። መጠራትም አላስፈለገውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ እትዬ አፀደ። «እምቢተኛ ነበር እንዴ? ቤት ውስጥ የተባለውን የሚሰማ ልጅ ነው። ወይስ እናንተ ጋ ሲመጣ ሌላ ነበር?»

ዶርቃ ከስክሪኑ ዞር አላለችም። «አልነበረም» አለች። «ካገኘሁ ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

ላፕቶፑ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዊንዶውሱን ቫይረስ ስለበላው በንቲ የሚባል የቡድኑ ልጅ በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጭኖበታል። ቀረጻ ሁሉ የሚቀመጠው በውጭ ዲስኩ ላይ ነው። ባለፈው ፋሲካ አንዱ ልጅ ዲስኩ እንደተሰካ ቅርጫቱን ደፋውና የመዘምራኑ ዝግጅት በሙሉ ጠፋ። ያኔ ብሩኬ ተቆጥቶ ሕግ አወጣ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ተለጥፏል፦ «ዲስኩን ሳትነቅል ቅርጫት አትድፋ!»

ሕጉን ሁሉም ያከብራል። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ሁልጊዜ «ሞልቻለሁ» እያለ ያስቸግራል። ቡድኑ አርጅቷል ብሎ ጸለየለት። ዶርቃ ግን ያኔ በንቲን ጠይቃው ነበር።

«ሊኑክስ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሰፈሩን አይለቅም» አላት። «የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሏል አይደል? ሁለቱም የየራሳቸው ቅርጫት አላቸው። የውጭውም የራሱ አለው፣ ድብቅ ፎልደር ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዪው የተሰካውን ሁሉ ድምር ነው። ነቅለሽ ከደፋሽ የላፕቶፑን ብቻ ነው የደፋሽው። የዲስኩ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«ለምን ለብሩኬ አትነግረውም?»

«ነገርኩት እኮ። ‹በንቲ፣ አትፈላሰፍ› አለኝ።»

ቅርጫቱን ከፈተችው። የስድስት ወር ኮተት ነው፤ የተበላሸ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ የተቀዳ ስብከት። ከላይ፣ መጨረሻ የተሰረዘው፣ አንድ ቪዲዮ። ሙሴ በወደቀበት ቀን የተቀረጸ። የተሰረዘው ደግሞ የቀብሩ ዕለት ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ በነበረበት ሰዓት። ብሩኬ ራሴን አሞኛል ብሎ ቤት የቀረበት ከሰዓት።

ወደ ቦታው መለሰችውና ከፈተችው።

ካሜራው ከአዳራሹ ኋላ ቆሟል። ሙሴ መሰላሉ ላይ ነው፣ ባነሩን በጥርሱ ነክሶ። ብሩኬ ከታች መሰላሉን ይዟል።

«አንድ ደረጃ ጨምር! ወንድ አይደለህም እንዴ?»

ሙሴ ባነሩን ከአፉ አወጣ። «ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ ባክህ፣ ውጣ!»

ስልክ ጠራ። ብሩኬ አንድ እጁን ለቀቀ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ኔትወርክ ወደሚሻልበት፣ ወደ በሩ ሄደ። ሙሴ ወደ ታች አላየም።

«ይዘኸዋል አይደል?»

ዶርቃ እዚያ ጋ አቆመችው።

ብሩኬ ሲገባ ዳቦ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ዲስኩን አየ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ያለውን የሞላ ቅርጫት። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ደፍቼዋለሁ» አለ።

«ነቅለህ ነው የደፋኸው። በራስህ ሕግ።»

«ምን አየሽ?»

«ስልክ ልታነሳ ስትሄድ አቆምኩት።» ወደ እሱ ዞረች። «ማን ነበር?»

ብሩኬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እትዬ አፀደ በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጠ። «የተሳሳተ ቁጥር» አለ።

ውጭ የታክሲ ረዳት «ለቡ፣ ለቡ» እያለ ይጣራል።

«ዶርቂ፣ በናትሽ ድፊው። እማዬ ብትሰማ ትሞታለች። እኔ እኮ... ሁለት ደቂቃ ብዬ ነው። መሰላሉ ራሱ ይቆማል ብዬ ነው።»

«እትዬ አፀደ መጥተው ነበር። ልጄ እምቢተኛ ነበር ወይ አሉኝ። ራሳቸው የወለዱትን ልጅ፣ እኔን ነው የጠየቁኝ።»

ብሩኬ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ዓይኑ ቅርጫቱ ላይ ነው።

ዶርቃ ዲስኩን ዘግታ ገመዱን ነቀለችው። ስክሪኑ ጥግ ያለው ቅርጫት ባዶ ሆነ። ወንድሟ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሦስት ሳምንት ይዞት የቆየ የሚመስል ትንፋሽ። የቀብሩ ዕለትም ቅርጫቱን ባዶ ሲያይ እንዲሁ ሳይተነፍስ አልቀረም። ዝም ብትል ደፍታዋለች ብሎ ያምናል። እሷም አብራው ልትኖርበት ትችላለች፤ ዳቦው አለ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይኖራል።

ገመዱን ዲስኩ ላይ ጠቀለለችውና ላፕቶፑን ብብቷ ሥር አደረገች።

«አልደፋሁትም» አለችው። «ጫማህን አድርግ።»

«ወዴት?»

«ዲስኩን እኔ እይዛለሁ። የምትናገረው አንተ ነህ። እትዬ አፀደ ቪዲዮውን ከማየታቸው በፊት ካንተ ይስሙት።»

ብሩኬ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ። አንዱን ቶሎ አገኘ። ሌላኛውን ለማግኘት ብዙ ቆየ። ዶርቃ በሩን ከፍታ ያዘችው። ንፋሱ ሁለት ጊዜ ሊዘጋው ገፋ፤ አልለቀቀችውም።